ፈረሱን አታስለቅሱት

ልጆች፣ ሥዕል የጀመርኩ ሰሞን አንድ ያዘነ ፈረስ ስዬ፣ ዓይኑ ስር ትልቅ እንባ አንጠልጥዬለት፣ በጣም ኮርቼበት ለአንድ ጋሪ ነጂ ሽማግሌ አሳየኋቸው። አዩት አዩትና "ልጄ፣ ዓይኑን አሞታል እንዴ?" አሉኝ። አይ ያዘነ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። "ጆሮውን እንዲህ አቁመህለት? ይሄማ ገብስ ያየ ፈረስ ነው!"

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ስንት ዓመት ብሩሽ ይዤ ከኖርኩ በኋላ፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ገብቼ የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የጆርጅ ስተብስ ዊስልጃኬት የሚባለው ሥዕል ፊት ስቆም ነው። ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፣ ፈረሰኛ የለ፣ ሳር የለ፣ ሰማይ የለ፣ ባዶ ጀርባ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ተነስቶ ዓይኑን ወደናንተ ጣል አድርጎ ያያችኋል። እ.ኤ.አ. 1762 አካባቢ የተሳለ ነው፣ አሁንም ግን ወደኋላ ፈንጠር ያደርጋል።

ይሄ ሰውዬ ከየት አመጣው ካላችሁ፣ ከሬሳ ነው። አባቱ ሊቨርፑል ውስጥ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ነበር፣ እሱ ደሞ ሠላሳዎቹ ውስጥ እያለ ሊንከንሻየር ሆርክስቶው የሚባል ገጠር ገብቶ 18 ወር ያህል የሞቱ ፈረሶችን ከጣሪያ እያንጠለጠለ፣ ቆዳቸውን እየገፈፈ፣ ጡንቻውን አንድ በአንድ እያነሳ ሲስል ከረመ፣ አንዱ ፈረስ ላይ 11 ሳምንት ቆይቷል። ሽታውን አስቡት እስቲ። ሜሪ ስፔንሰር የምትባለው የኑሮ አጋሩም አብራው ነበረች፣ እሷን ግን ማንም አያነሳትም። ሥዕሎቹን መዳብ ላይ የሚቀርጽለት ሰው ሲያጣ ራሱ ቀርጾ በ1766 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው።

እኔን ግን የበለጠ የሚበላኝ ሃምብልቶኒያን የሚባለውን የውድድር ፈረስ የሳለበት ሥዕሉ ነው። ፈረሱ በ1799 ኒውማርኬት ላይ 3,000 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) የተያዘበት ውድድር በግማሽ አንገት አሸነፈ፣ ግን በአለንጋና በጫማ እሾህ ተገርፎ ተወግቶ ነው ያሸነፈው። ስተብስ ያኔ 75 ዓመቱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዋንጫና ጭብጨባ ይስል ነበር፣ እሱ ግን የሳለው ከሩጫው በኋላ ላቡን ሲጠርጉለት ነው፣ ጆሮው ወደኋላ ተለጥፎ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ሁለቱ አሽከሮች ደሞ ዝም ብለው እኛን ያያሉ። እንባ የለም። ግን ፊቱ ብዙ መቆም ያቅታል። (ባለ ፈረሱ ሀብታም ክፍያውን አልሰጥም ብሎት ሽማግሌው ፍርድ ቤት ከሶ ነው የተቀበለው፣ ይሄንንም ያዙልኝ፣ ይጠቅማችኋል።)

ከሱ በኋላ የመጣው ሌላው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ላንድሲር ውሾችን እንደ ሰው ለቀስተኛ አድርጎ ሲስል እንግሊዝ በሙሉ ወደደው፣ እጁ ድንቅ ነው አልክድም፣ ግን እንስሳው ውስጥ ሰው ተደብቆ የሚያይህ ይመስለኛል።

እና ልጆች፣ ስሜት ልስል ብላችሁ ከዓይን አትጀምሩ። አንድ ወር ጆሮ ብቻ ሳሉ፣ አታኩርፉ፣ ከዛ አፍንጫ፣ ከዛ አንገቱ ከትከሻው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ፣ ፎቶ ላይ ሳይሆን እየተነፈሰ ያለ ፈረስ አጠገብ ቆማችሁ። ፈረሱን የሚያውሉትን ሰዎችም ጠይቁ፣ ከመምህር በላይ ያውቃሉ።

ያ የኔ ፈረስ እስካሁን ቤቴ አለ። እንባውን ፍቄ አጥፍቼዋለሁ፣ ጆሮው ግን እንደቆመ ነው፣ ገብሱን እየጠበቀ።