ዩሪያውን ከመተዋችሁ በፊት ኮምፖስቱ ይድረስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐይቅ አካባቢ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ዩሪያ ስለተወደደ፣ አባቴ በሰጠኝ ሩብ ሄክታር መስኖ ላይ ያለ ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል አትክልት ልናመርት አስበናል። ሽማግሌዎቹ "መሬቱ ዩሪያ ለምዷል፣ አይሆንላችሁም" ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። መሬት ሱስ አይዘውም፤ ዩሪያን ባንዴ ካቋረጣችሁ ግን ምርቱ መውረዱ አይቀርም። 50 ኪሎ ዩሪያ ሰብሉን የሚያሳድገው ናይትሮጅን 23 ኪሎ አለው፤ ሰብሉም ቶሎ ያገኘዋል። ለሩብ ሄክታር የሚመከረው 20 ኩንታል ገደማ ኮምፖስት (እበትና ቅጠላ ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ የሚገኝ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው የሚይዘው። እሱንም በአንድ ዓመት አይጨርስም፣ ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ ዘንድሮ ከማሳው ጥግ ትንሽ ቁራጭ ለዩና ያላችሁን ኮምፖስት ሁሉ እዚያ አፍስሱት። ሌላው እንደለመደው ይቀጥል። አባትህም በዓይናቸው ያያሉ።

የሚያስቸግራችሁ እበቱ ነው። በእኛ አገር ኩበት ማገዶ ነው፤ እናቶቻችሁን "እበቱን ለጉድጓድ ስጡን" ማለት ምጣዱን አቀዝቅዙ ማለት ነው። ደግነቱ ጥቂት ይበቃል። የበግና የፍየል በጠጥ ጨምሩበት፣ የከብት ሽንትም አታባክኑ። ቅጠላ ቅጠል በመስከረም ሞልቷል። ቅንጨ አረም እንኳ ሳያብብ ከታጨደ ይሆናል፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት አድርጉ። ካበበ ግን አታስገቡት፣ ዘሩን ራሳችሁ ማሳው ላይ ትበትኑታላችሁ።

አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በጥላ ሥር ቆፍሩ። ገለባና አገዳ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ስስ እበት፣ ትንሽ አፈርና አመድ እየደራረባችሁ ውሃ አርከፍክፉ። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ትከሉ። ከሳምንት በኋላ ስትነቅሉት ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ ከሸተተ ማገላበጥ ይፈልጋል። ከወር በኋላ አገላብጡት፤ በሦስት አራት ወር ይደርሳል።

በቆስጣና በሰላጣ ጀምሩ። ቲማቲምን ቱታ የሚባል ትል፣ ሽንኩርትን ትሪፕስ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ስለሚያጠቃቸው ያለ መድኃኒት ለጀማሪ ይከብዳሉ።

"ኦርጋኒክ" ብላችሁ ለመለጠፍ ደግሞ አትቸኩሉ። አገራችን በ1998 ዓ.ም. ያወጣችው የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ አለ። ለአውሮፓ ገበያ ደግሞ ለዓመታዊ ሰብል ከመዝራት በፊት መሬቱ ያለ ኬሚካል የሚታረስበት ቢያንስ 2 ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠየቃል። ደሴ ላይ ቆስጣ ለመሸጥ ግን ጠዋት የተቆረጠ መሆኑ ይበቃል።

ባይሆን አሁኑኑ አንድ ነገር ጨርሱ። መሬቱ ያንተ፣ ጉልበቱ የአራታችሁ ነው። ትርፉ እንዴት እንደሚካፈል ጉድጓዱን ሳትጀምሩ ወረቀት ላይ አስፍሩት።