የፊልሙን መጨረሻ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ ፎቅ የቆመበት አንድ ቦታ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ማለቴ አይቀርም። እናንተ የምታዩት የፎቁን መስታወት ነው፤ ለእኔ ግን የሚታየኝ በሁለት ምሰሶ መሐል፣ ከአጥሩ በላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቅዳሜ ማታ እዚያ ግቢ ፊልም ይታይ ነበር። ጣሪያ ስላልነበረው ክረምት ሲገባ ይዘጋል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ይከፈታል። እኔ በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኤሌክትሪክ እማር ስለነበር ኦፕሬተሩን እንዳግዝ ተፈቀደልኝ። ኋላ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበትን ሙያ መውደድ የጀመርኩት እዚያ ማሽን አጠገብ ቆሜ ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1933 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም የሚያይበት ሲኒማ ከፍተዋል። እኛ መኪና አልነበረንም፤ መኪናው ግን ራሱ መጣልን። በጎንደርና በአዲስ አበባ መሐል የሚመላለሱ ኤንትሬ የሚባሉ የጭነት መኪናዎች ባሕር ዳር ሲያድሩ፣ ሾፌሮቹ አጥሩን ጥግ አስይዘው ያቆሟቸው ነበር። ከጭነቱ ላይ ሆኖ ሁሉም ነገር ይታያል። የመግቢያ ሳንቲም ያጡ ልጆች ቀን ለረዳቱ ውሃ ሲቀዱለት ይውሉና ማታ እጃቸውን እየሳበ ጆንያው ላይ ያወጣቸዋል። በአንድ ጋቢ ሦስት አራት ሆነው ተጠቅልለው፣ አክተሩ ሲመታ እነሱም አብረው ያቃስታሉ። ከታች ስሰማቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ማሽኑ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያለንም አንድ ብቻ። በሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል፤ ትልቁ ጥቅል 40 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ጥቅሉ ሲያልቅ መብራት ይበራና ሌላው እስኪገጠም ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ቆሎ ይዞራል፣ ሰላምታ ይዞራል፣ ጠብም ካለ እዚያው ይታረቃል። አንዳንዴ ፊልሙ ይያዝና የአምፖሉ ሙቀት ያነደዋል፤ የተዋናይዋ ፊት መሐል ቡናማ ቀዳዳ ሲሰፋ ግቢው በአንድ ድምፅ ይጮኻል። የነደደውን ቆርጠን፣ በሙጫ ቀጥለን እንመለሳለን። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ትንኝ ሁሉ ብርሃኑ ውስጥ ይዋኛል።

ግን ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። የመጨረሻው ጥቅል ሳያልቅ ብዙው ሰው ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል። በማግስቱ የፊልሙን መጨረሻ የሚተርክልን አንድ ጓደኛ ነበረን። ግቢው አጠገብ ስለሚኖር እስከ መጨረሻው ይቆያል ብለን አመንነው፤ ማን ሞተ፣ ማን ተገናኘ፣ እናቲቱ ልጇን በምን አወቀችው፣ ሁሉንም ከእሱ አፍ ሰማን።

ከዚያ ቪዲዮ ቤቶች መጡ፤ አቡጀዲው ወረደ፤ ቦታው ተሸጠ። እኔ በሥራ ሌላ አገር ነበርኩ። አንድ ፎቶ እንኳ አላነሳሁም። ያ ጓደኛዬ አምና አረፈ። የነገረንን መጨረሻ በእውነት አይቶት ይሁን ከራሱ ፈጥሮት፣ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ደብዳቤውን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ትልልቆቻችሁን ጠይቁ፤ አጠያየቅ ግን እወቁበት። «ድሮ እንዴት ነበር?» ካላችኋቸው «ደግ ነበር» ይሏችኋል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ይልቅ የት ተቀመጥሽ? ከማን ጋር ሄድሽ? ምን ለብሰሽ ነበር? በየት በኩል ተመለስሽ? በሉ። ስልካችሁን መቅረጫው ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ዝም ሲሉ አታቋርጧቸው፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ቤታችሁ ያለውንም ዕቃ ተመልከቱ። የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ካለ፣ ማጫወቻው ጨርሶ ሳይጠፋ ዘንድሮውኑ አስገልብጡት። ፎቶና ፊልም ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡ፤ ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል። አሮጌ የፊልም ጥቅል ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ መበስበስ ጀምሯል፤ ትነቱ ሌሎቹንም ስለሚጎዳ ለብቻው አድርጉት።

እኔም ዘግይቼ ጀመርኩ። ባለፈው ሰሞን ባለቤቴን «ያኔ የት ትቀመጪ ነበር?» አልኳት። ከ40 ዓመት በላይ አብረን ስንኖር ጠይቄያት አላውቅም። መግቢያ ስላልነበራት ከእህቶቿ ጋር ከአጥሩ ውጭ፣ በሐይቁ በኩል ካለው ሣር ላይ ተቀምጣ፣ ፊልሙን ከአቡጀዲው ጀርባ ነበር የምታየው። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ያ አክተር ግን ግራኝ ነበር አይደል?» አለችኝ።