ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር ብሎ ማህተም የሚመታልሽ የለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ዛሬ ላፕቶፕ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከጅማ ሆነሽ ለውጭ ድርጅት ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ ልትጀምሪ ነው። ውሉ ላይ «በቀኑ ካልተረከብን ይሰረዛል» የሚል አንቀጽ አለ። ኢንተርኔት ድንገት ቢዘጋ ምን ይውጠኛል ነው ያልሽው። ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች አንዱ «ቪፒኤን ጫኚ»፣ ሌላው «ሁለተኛ ሲም ያዢ»፣ ሦስተኛው «አላህ ያውቃል» ብለዋል። ከሦስቱ የመጨረሻው ይሻላል።

እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ። ሥራዬም ያው የአንቺው ነው፤ አፋን ኦሮሞና አማርኛ። ስለ አካውንት አከፋፈት፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ፣ ስለ ፍጥነት አላወራም። እሱን ታውቂዋለሽ። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1ኛ፦ ቪፒኤን፣ የታገደን ገጽ በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚከፍት መተግበሪያ ማለት ነው። የሚሠራበት ጊዜ አለ። የካቲት 2015 ከቤተ ክርስቲያኗ ጉዳይ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ቪፒኤን ያለው ሰው ሥራውን ሠርቷል። ለወራት የኖርነው እንደዚያ ነው። የታገዱት መተግበሪያዎቹ ነበሩ፤ መስመሩ ግን ክፍት ነው። ሰኔ 2012 ሌላ ነገር ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ማታ ተገደለ። በማግስቱ ጠዋት መስመሩ ራሱ ተዘጋ፣ በመላ አገሪቱ። መንገዱ ከተዘጋ መኪና ብትቀይሪም አትደርሺም። ቪፒኤንም ቢሆን የሚሄደው በዚያው መስመር ላይ ነው።

2ኛ፦ ሁለተኛ ሲም። ያዢ፣ አይጎዳም። የአንዱ ኔትወርክ ሲበላሽ ሌላው ያወጣሻል። በመንግሥት ትዕዛዝ ሲዘጋ ግን ትዕዛዙ ለሁሉም ይደርሳል። ኡጋንዳን ተመልከቺ። እዚያ ያለው አንድ ኩባንያ አይደለም፤ ኤምቲኤን አለ፣ ኤርቴል አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የምርጫው ዋዜማ ምሽት ላይ ግን አገሩ በሙሉ ጠፋ። ለቀናትም እንደዚያው ቆየ።

3ኛ፦ ኢንተርኔት ወዳለበት ከተማ መሄድ። ይኼ የሚሠራው የተዘጋው አንድ አካባቢ ከሆነ ነው። ካሜሩን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑት ሁለት ክልሎች ለ93 ቀን ተቆረጠባቸው። ቡዔያ የምትባል ከተማ አለች፣ የሶፍትዌር ልጆች የሞሉባት። ልጆቹ ከክልሉ ወሰን ወጥተው ቦናኮ የምትባል መንደር ውስጥ ቤት ተከራዩ። ሞደም ገዙ። ላፕቶፓቸውን ተሸክመው እየተመላለሱ ሠሩ። ቦታውን «የኢንተርኔት ስደተኞች ካምፕ» አሉት። ባነበብኩ ጊዜ ቀናሁባቸው። እኛ በ2012 ወዴት እንሂድ? አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ ለማንም አይመከርም ነበር። ጊቤን ተሻግሬ ብደርስም እዚያም ያው ነው።

አራተኛውን ቁጥር ልጽፍ ነበር። ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቁጥሩን ልተወው።

በ2012 ኢንተርኔቱ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው ዋይፋዩ ነው፣ ሐምሌ 8 አካባቢ። የሞባይል ዳታው የመጣው ሐምሌ 16 ገደማ ነው። ሥራዬ ካለቀ ቆይቷል፣ ላፕቶፔ ላይ ተቀምጧል። ኢሜይሌን ስከፍተው የደንበኛዬ መልእክት ተደርድሯል። የመጀመሪያው «ደህና ነህ ወይ?» ይላል። ቀጣዩ «ፋይሉን እየጠበቅን ነው» ይላል። የመጨረሻው ሰላምታም የለው፤ ውሉ ተሰርዟል፣ አካውንትህ ታግዷል። ጻፍኩላቸው። መለሱ፦ የተባለው እውነት ከሆነ ከሚመለከተው አካል ማህተም ያለበት ማረጋገጫ ላክ።

ማህተም! አገራችን ከምንም በላይ የሞላው ማህተም ነው ብዬ ተነሳሁ።

የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስሙን አልጠራም፤ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። ዝናቡ ጃኬቴን አልፎ ሸሚዜ ገብቷል። ወረፋው እስከ በረንዳው ነው። ተራዬ ሲደርስ ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰውዬ የበቆሎ ጥብስ ይፈለፍላል፤ ፍሬውን አንድ በአንድ ማመልከቻ ወረቀት ላይ እየደረደረ። ማመልከቻው የማን እንደሆነ እንጃ።

«ምን ልጻፍልህ?» አለኝ።

«ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት እንዳልነበረ።»

«ማነው አልነበረም ያለው?»

ስልኩ አጠገቡ ነው። «እርስዎስ ነበረዎት?» አልኩት።

«እኔ አልተጠቀምኩም።»

ከዚያ ደብዳቤው ለማን እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ለውጭ ድርጅት ነው ስለው በቆሎውን አስቀመጠው። «አገር ልታሰድብ ነው ደብዳቤ የምትለምነው?» ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እንጀራዬ ነው፣ ሥራዬን ላድን ነው ብል ማን ይሰማኛል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ና ተባልኩ። ነገ ሄድኩ። ከነገ ወዲያም ሄድኩ። በመጨረሻ ያው ሰውዬ እስካሁን የማልረሳትን ነገር ነገረኝ፦ «ዝጉ የሚል ደብዳቤ ለእኛ አልደረሰንም። ባልደረሰን ደብዳቤ ላይ መልስ አንጽፍም።»

ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ሰውዬው በሥርዓቱ ልክ ነው። የሆነ ነገር መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ወረቀት ላይ ግን አልሆነም። ይኼን ያዥልኝ፣ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚያ ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ሰው ቅን ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ልረዳህ ብለው ወረቀት አወጡ። አቶ እገሌ የቀበሌያችን ነዋሪ መሆናቸውን፣ ከወቅታዊ ሁኔታ ጋር በተያያዘም ሥራቸው የተስተጓጎለ መሆኑን እንገልጻለን። ሐምራዊ ክብ ማህተም፣ ግማሹ ፊርማው ላይ። ተርጉሜ አያይዤ ላክሁ። ደንበኛዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጅማ እንደምትኖር እናውቃለን። ኢንተርኔት አልነበረም የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ያዳነኝ ማህተም የሌለው ነገር ነው። ኔትብሎክስ የሚባል የኢንተርኔት መስመሮችን ከውጭ ሆኖ የሚለካ ድርጅት አለ። የኢትዮጵያን ግራፍ አውጥቶ ነበር። ቀኑ አለበት፣ ሰዓቱ አለበት፤ ሰኔ 23 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መስመሩ ቁልቁል ይወርድና እዚያው መሬት ላይ ይተኛል። ግራፉን፣ የዓለም አቀፍ ዜና አውታሮችን ዘገባ፣ ላፕቶፔ ላይ ፋይሎቹ ያለቁበትን ቀን የሚያሳይ ምስል አንድ ላይ አድርጌ ላክሁ። አካውንቴ ተከፈተ። ይቅርታም ጠየቁኝ፣ ይኼን ስል ደስ እያለኝ ነው። የተሰረዘው ሥራ ክፍያ ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ቁጥሩን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

«እኛ አገር ብቻ ነው እንዲህ የሆነው» እንዳትዪ። አክሰስ ናው የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 296 መዝጋቶችን በ54 አገሮች ቆጥሯል። ስለዚህ ደንበኛሽ ሌላ አገር ካለ ሠራተኛው ሰምቶት ይሆናል፤ አትፈሪ፣ ንገሪው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. ጥር 2019 ሲዘጋ ኢኮኔት የተባለው ኩባንያ «ከመንግሥት ታዝዤ ነው» ብሎ ለደንበኞቹ በግልጽ አሳወቀ። ወረቀት ስላለ ክስ ተመሠረተ። ፍርድ ቤቱም ያዘዘው ሚኒስትር ሥልጣኑ የለውም አለ። ሕንድ ካሽሚር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ስትዘጋ ጋዜጠኞች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ የመዝጊያ ትዕዛዞች ለሕዝብ ይታተሙ፣ ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት አይቻልም አለ። ፈጣኑ ኢንተርኔት የተመለሰላቸው ግን ከዚያ ፍርድ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ፍርድ አንድ ነገር፣ ኔትወርክ ሌላ ነገር።

የሱዳኑን ደግሞ ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካርቱም ላይ ኢንተርኔት ሲዘጋ አብደልአዚም ሐሰን የተባሉ ጠበቃ ዘይን የሚባለውን ኩባንያ ከሰሱ። አሸነፉም። ግን ክሱን ያቀረቡት በግላቸው ስም ነበርና ኢንተርኔት የተለቀቀው ለእሳቸው ብቻ ሆነ! በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የእሳቸው ሲም ብቻ ሠራ። ከዚያ ለሌሎችም ብለው ተመልሰው ፍርድ ቤት ሄዱ። እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ። የቶጎም አለ፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮዋስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. የ2017ቱ መዝጋት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለከሳሾቹ ካሳ ፈረደ። የፈረደበት ቀን እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2020 ነው። እኛ ጋ ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

እኛ ጋ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2011 ክረምት ላይ ኢንተርኔት ውሃ ወይም አየር አይደለም፣ ካስፈለገ ይዘጋል ብለው ነበር። የኛው የአጋሮ አካባቢ ሰው ናቸው፣ እንግዲህ ምን እላለሁ። እውነት ነው፣ ውሃ አይደለም። ጅማ ውስጥ ግን በኢንተርኔት የቤት ኪራይ የሚከፍል ልጅ ስንት ነው?

ወደ አንቺ ልመለስ። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት፣ ዛሬ ኢንተርኔት ባለበት፣ ለደንበኛሽ አጭር ኢሜይል ጻፊ። በአገሬ ኢንተርኔት በመንግሥት ትዕዛዝ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ የተዘጋ እንደሆነ ማስረከቢያው መስመሩ እስኪመለስ ይራዘማል፤ ማስረጃ የሚሆነው የገለልተኛ መለኪያ ድርጅት መረጃ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይደለም። የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትተዊያት። «እስማማለሁ» የሚል መልስ ካልሰጠሽ አትፈርሚ። «እንዲህ ካልኩ ሥራውን ይከለክለኛል» ትይ ይሆናል። እኔ ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ ይኼን እየጻፍኩ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሸሸኝ የለም። እንዲያውም ቀድሞ የሚያስብ ሰው ነው ይሉሻል።

የደንበኛሽን ኢሜይልና ስልክ ደብተር ላይ ጻፊ፣ በእጅሽ። አድራሻው ያለው ኢሜይልሽ ውስጥ ነው፤ ኢሜይልሽ ደግሞ ያን ቀን አይከፈትም። በ2012 እኛ ጋ ጥሪ ይሠራ ነበር። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለሽ አድራሻውን አሁኑኑ ስጪው፣ ደውለሽ «ንገርልኝ» ትዪዋለሽ። ግን ጥሪም የማይሠራበት ጊዜ አለ። በዚያው ዓመት ከሰኔ በፊት ቄለም ወለጋና ምዕራብ ወለጋ ለወራት ስልክም አልነበረም። ደምቢ ዶሎ ያለ ጓደኛዬ በሕይወት መኖሩን የሰማሁት ከዚያ በመጣ መንገደኛ ነው። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የሆነውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ዘመድሽ ጋ «ለሁለት ቀን ድምፄ ከጠፋ ሳልደውልም ጻፍላቸው» የሚል ቃል ይኑር።

ሥራ አታከማቺ። ያለቀችውን ፋይል ያለቀች ቀን ላኪ፣ ሂሳቡንም በየሳምንቱ ጠይቂ። ወር ሙሉ ሠርተሽ በአንድ ቀን አስረክባለሁ ብትዪ የወሩ ገንዘብ በአንድ ጠዋት ይንጠለጠላል። የድምፅ ፋይሉንም እንደላኩልሽ አውርጂው፣ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ፕሮግራም ገልብጪ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን ማስረከቢያ ቀን አትያዢ። በ2008 ፈተናው ፌስቡክ ላይ ከወጣ በኋላ በ2009 ለፈተና ተብሎ ነው የተዘጋው፤ በ2011ም እንዲሁ። ኢራቅና አልጄሪያም ይኼንኑ ያደርጋሉ፤ ኢራቆቹ እንኳ ፈተናው የሚሰጥበትን ሰዓት ብቻ ዘግተው መልሰው ይከፍታሉ።

ገንዘብ ደግሞ ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ጥሪ እስከሠራ ድረስ ያለ ዳታ ይሠራሉ። የይለፍ ቁጥርሽን አሁን ሞክሪው፤ የዚያን ቀን ነው ሰው መርሳቱን የሚያውቀው። ቤት ውስጥም ለአስቤዛ የሚሆን ጥሬ ብር አይጥፋ።

ለደንበኞቼ የምልከውን ኢሜይል እንዳለ ልሰጥሽ እችላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ካልመለስኩልሽ ደግሞ ደግመሽ ጻፊ፣ ማታ ማታ ነው የማየው።