«ለቅሶዋ ላይ ቀረሁባት፤ አሁን እሷ ረስታዋለች»

ጥያቄ፦ የ70 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። በወጣትነታችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብረን የሠራን ጓደኛ ነበረችኝ። ከፈረቃ ስንወጣ ጣና ዳር ዓሣ ገዝተን በአንድ ድስት እንሠራ ነበር። የልጄ ክርስትና እናት ናት። ከዓመታት በፊት በእቁብ ገንዘብ ተቀያየምን። ባሏ ሲሞት እልህ ይዞኝ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟት ሽምብጥ ሰፈር ልጇ ቤት ናት አሉኝ። ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ?

መልስ፦ እማማ፣ ይሂዱ። ቢቻል በዚሁ ሳምንት። እግራቸው ላይ መውደቁ ግን ይቅር።

ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠፋው የቅርብ ጊዜውን ትዝታ ነው። የልጅነቱና የወጣትነቱ ይቆያል። ጓደኛዎ ጠባችሁን ጨርሶ ላያስታውሱት ይችላሉ። የባላቸውን ሞት እንኳ ረስተውት ይሆናል። እርስዎ እያለቀሱ «ለቅሶሽ ላይ ቀረሁብሽ» ሲሏቸው፣ «የማን ለቅሶ?» ቢሉስ? መርዶውን ሁለተኛ አረዷቸው ማለት ነው። እርስዎን ይቀልልዎታል፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ምንነቱ ባልገባቸው ሐዘን ሲጨነቁ ይውላሉ።

ጠዋት ይሂዱ፤ ብዙዎቹ ሲመሻሽ መደናገሩ ይብስባቸዋል። «አወቅሽኝ?» ብለው አይፈትኗቸው። ስምዎን ነግረው አጠገባቸው ቁጭ ይበሉ። ባዘቶና እንዝርት ይያዙ። እጅ የለመደው ሥራ ስም ከጠፋ በኋላም ሊቆይ ይችላል። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ክሩን ሲስቡ ሊያዩ ይችላሉ። ካልሆነም ግድ የለም፤ እርስዎ ይፍተሉ፣ እሳቸው ይዩ። ስለዚያ ዓሣ፣ ስለ ሌሊቱ ፈረቃ ያውሩላቸው። «ባሌ የት ሄደ?» ካሉ «ናፈቀሽ? እስቲ ስለሱ አጫውቺኝ» ይበሉ እንጂ አይከራከሩ።

«ወዲያው ለምትረሳው ምን ዋጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች የሚያሳዝኑና የሚያስቁ የፊልም ቁራጮች አሳዩአቸው። ያዩትን ቶሎ ረሱት፤ ሐዘኑና ደስታው ግን ውስጣቸው ቆየ።

ይቅርታውስ? የሚጠብቀው ሌላ ሰው አለ፦ ልጃቸው። እሷ ያን ለቅሶ የረሳች አይመስለኝም። ድንኳኑ ውስጥ በዓይኗ ፈልጋዎት ይሆናል። እናትየው በሌሉበት ጠጋ ብለው «አጥፍቻለሁ» ይበሏት። «ግን እናትሽም…» የምትለዋን አይጨምሩ። የእቁቡን ሂሳብ ጨርሶ አያንሱት። ብትቆጣም ይስሟት፤ መብቷ ነው። ከዚያ «ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ አብሬያት ልዋል፣ አንቺ ጉዳይሽን ጨርሺ» ይበሏት። አስታማሚ ከምንም በላይ የሚቸግረው እፎይ የሚልበት ሰዓት ነው።

ጸጸቱ ሙሉ በሙሉ ይለቅዎታል ብዬ አልዋሽዎትም። እንቅልፍ ከነሳዎት፣ ምግብም ካስጠላዎት ግን «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት፤ ድባቴ በእርስዎም ዕድሜ ይታከማል። ልጅዎ ጤና ጣቢያ ይውሰድዎት።