እናቴን ላሳርፋት ወይስ ላስነሣት?

የአንባብያን ጥያቄዎችና የነርስ መልሶች

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለንም። የ76 ዓመት እናቴ ከሰሜን ሸዋ ገጠር ወደ እኔ የመጣችው ከሦስት ወር በፊት በሳንባ ምች ታምማ ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች በኋላ ነው። ከመታመሟ በፊት ውኃ የምትቀዳ፣ ማታ ማታ ጥጥ የምትፈትል ሴት ነበረች። አሁን ሳንባዋ ድኗል ቢባልም ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። እኔና ወንድሜ ዕድሜዋን ሙሉ የለፋች እናት ናት፣ ከእንግዲህስ ትረፍ ብለን እዚያው አልጋዋ ላይ እናጎርሳታለን፤ ፊቷንም እኛው እናጥባታለን። እኔ ሥራ ስውል አብራት የምትሆነው ከአገር ቤት የመጣች ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ለሽንት ብቻዋን ተነሥታ ዞሮባት ወደቀች፤ ደግነቱ አልተሰበረችም። ከዚያ ወዲህ ዳይፐር አድርገንላት ጨርሶ እንዳትነሣ ከልክለናታል። ትናንት ሳጥባት ግን መቀመጫዋ ላይ የጠቆረና ሲነኩት የሚሞቅ ቦታ አየሁ። በዚያ ላይ ጾም ስለሆነ ከጥቂት ሽሮ በቀር አትቀምስም፤ ውኃም እምቢ ትላለች። ወንድሜ በዚህ ዕድሜዋ ማስነሣት ጭካኔ ነው ይላል። እኔ ግራ ገብቶኛል።

ልጃቸው፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጠቆረው ቦታ ልንገርዎ፤ ሌላው ጉዳይ ለነገ ቢያድር ይህ ግን ዛሬውኑ መጀመር አለበት። ያዩት ነገር የመኝታ ቁስል መነሻ ሳይሆን አይቀርም። ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሲተኛ፣ አጥንቱ ከውስጥ ፍራሹ ደግሞ ከውጭ ሆነው መካከል ላይ ያለውን ሥጋ ይጫኑታል፤ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ስለሚታፈኑም ሥጋው መጎዳት ይጀምራል። ብዙ የሕክምና መጻሕፍት የመጀመሪያውን ምልክት «መቅላት» ይሉታል። ጠይም በሆነው በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም፤ የሚታየው ከአካባቢው ይበልጥ መጥቆሩ ነው፤ በእጅ ሲዳስሱት ደግሞ ይሞቃል፣ ወይም ከዙሪያው ይልቅ ይጠነክራል አለዚያም ይለሰልሳል። እርስዎ ሙቀቱን በእጅዎ ማስተዋልዎ እናትዎን ሳይጠቅማቸው አይቀርም። ቆዳው ገና ካልተላጠ ጫናውን ማንሣት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ስለዚህ እናትዎ አልጋ ላይ ባሉባቸው ሰዓታት ሁሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸው ይቀየር። በአንድ ጎን ሲያስተኟቸው ሙሉ በሙሉ ዳሌያቸው ላይ እንዳያርፉ ከጀርባቸው ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ደግፈው ወደ ኋላ ዘንበል ያድርጓቸው። በጀርባቸው ሲተኙ ደግሞ ከባታቸው ሥር ትራስ ይግባ፤ ተረከዝ እንደ መቀመጫ ሁሉ ቶሎ የሚጎዳ ስለሆነ ፍራሹን ሳይነካ ተንጠልጥሎ መዋል አለበት። ወደ ላይ ሲያስጠጓቸው በብብታቸው ይዞ መጎተት ቆዳውን ከሥሩ ይቀደዋል፤ ሁለት ሆናችሁ ከሥራቸው ባነጠፋችሁት አንሶላ ማንሣት ይሻላል። የጠቆረውን ቦታ በቅቤም ሆነ በቫዝሊን አትሹት። ማሸት ደም ያመጣለታል የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ያደቅቀዋል። መካከሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስም አይጠቅምም፤ ጠርዙ ዙሪያውን ተጭኖ መሐል ላይ ያለውን ደም ያሳጣዋልና። ቆዳው ከተላጠ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ከሸተተ ወይም እናትዎ ካተኮሳቸው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ የቡና ዱቄትም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት አይጨምሩበት።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። እናትዎ ይነሡ። ወንድምዎ የሚናገሩት ከፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ እናት ስታረጅ ቁጭ ብላ መጦር በአገራችን የልጅ ወግ ነው። ሆኖም በነርስነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት አረጋውያንን አልጋ ላይ ሲያስቀር ደጋግሜ ያየሁት ነገር ከበሽታው ይልቅ ይህ ፍቅር ነው። ጡንቻ ካልሠራ ይከሳል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ጡንቻ ደግሞ ፈጥኖ ይከሳል፣ ዘግይቶም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ምንም ሕመም የሌለባቸው በጎ ፈቃደኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ ሲቆዩ ከእግራቸው ሥጋ 1 ኪሎ ግራም ገደማ እንዳጡ አሳይቷል። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ፤ የእርስዎ እናት ከሳንባ ምች የተነሡና ሦስት ወር የተኙ ናቸው። መድከማቸውን አይታችሁ ታስተኟቸዋላችሁ፤ ስለሚተኙም ይበልጥ ይደክማሉ። ይህ ሁሉ ግን ዕድሜያቸው ያመጣው አይደለም፤ ብዙውን መመለስ ይቻላል።

ይህን የምጽፈው በሰው ቤት የሆነውን ብቻ አይቼ አይደለም። አባቴ እግራቸው ተሰብሮ ሰበታ ያለው ቤታችን በተኙ ጊዜ እኔና እኅቶቼ ተራ ገብተን አጎረስናቸው፣ አጠብናቸው፣ ጸጉራቸውን አበጠርንላቸው። አጥንቱ ገጠመ፤ ሐኪሙም መቆም ይችላሉ አለ። ልናቆማቸው ስንሞክር ግን ደኅነኛው እግራቸው እንኳ አልሸከም አላቸው። በሥራዬ ለሰው የምመክረውን በቤቴ ረስቼው ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አነሣሡ ግን በእርጋታ ይሁን። እናትዎ ሌሊት የዞረባቸው ብዙ ከተኙ በኋላ በድንገት ሲቆሙ ደማቸው ወደ እግር ወርዶ ግፊቱ ስለቀነሰ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የደም ግፊታቸው ተኝተው ሳሉ፣ ከዚያም ከቆሙ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲለካ ይጠይቁ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ አለዚያም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ባለሙያው የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች እንደገና መመልከት ይኖርበታል። እርስዎ ግን በራስዎ ፈቃድ ክኒን እንዳይቀንሱ። ቤት ውስጥ ሲነሡ አስቀድመው አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አውርደው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ይቁሙ። ካዞራቸው ተመልሰው ይቀመጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ልጅቷ ከጎናቸው ቆማ ወገባቸውን ትደግፍ እንጂ እጃቸውን ይዛ አትጎትት፤ የአረጋዊ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ በቀረበ ቁጥር ከአልጋ ወርደው ወንበር ላይ መቀመጣቸው ይበቃል። ወንበሩ ጠንካራና እጀታ ያለው ይሁን፤ የሚያሰምጠው ሶፋ ለመነሣት አይመችም። ወንበር ላይም ቢሆን መቀመጫቸው እንዳይጫን በየሰዓቱ ብድግ ብለው ይመለሱ። ቀጥሎ እጀታውን ተደግፈው መነሣትና መቀመጥ ይለማመዱ፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ከሆነ ከሳምንት በኋላ አምስት ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲደረግ ይመክራል፤ ለእናትዎ እንቅስቃሴው ይኸው ከወንበር መነሣት ነው።

ማጉረሱን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ተኝቶ የሚጎርስ ሰው ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ይችላል፤ ሳንባ ምችም በዚያ መንገድ ይመለሳል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው በራሳቸው እጅ ይብሉ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ቢዝረከረክም፣ ቢዘገይም ይታገሷቸው። ፊታቸውን ራሳቸው ይታጠቡ፤ ምስር ይልቀሙ፤ እንዝርታቸውን ከአገር ቤት ያስመጡላቸው። በበኩሌ እንዝርቱን ከብዙ መድኃኒት አስበልጣለሁ፤ ጣትና ክንድ ያሠራል፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከሁሉም በላይ ቤቱ ውስጥ እንደ ዕቃ የተቀመጡ ሳይሆን ሥራ ያላቸው ሰው መሆናቸው ይሰማቸዋል። አራተኛ ፎቅ መሆናችሁ ደረጃ መውረዱን ለጊዜው ያከብደዋል። እግራቸው እስኪጠነክር ጎረቤቶችዎ ቡና ለመጠጣት ወደ እርስዎ ይውጡ፤ እናትዎም የጠዋት ፀሐይ በረንዳ ላይ ይሙቁ።

ዳይፐሩን ቀን ቀን ያውልቁት። ሽንት ያረጠበው ቆዳ ለመኝታ ቁስል ይጋለጣል፤ ለአንዲት ጨዋ ገበሬ ሴት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያሳፍር እርስዎ አያጡትም። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ደግፋችሁ ሽንት ቤት ውሰዷቸው። ለሌሊት ፖፖ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጡ፣ ትንሽ መብራት ይብራ፣ ቀሚሳቸው ረግጠውት እንዳይወድቁ ያጥር፣ ከመንገዳቸው ምንጣፍ ይነሣ፤ ሲነሡም ልጅቷን መጥራት ይልመዱ።

ውኃ እምቢ የሚሉት ስለማይጠማቸው ወይም ሽንት እየፈሩ ይሆናል። በዕድሜ የጥማት ስሜት ስለሚደክም፣ አረጋዊ ሰው እስኪጠማው ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ ልብ ወይም ኩላሊት ታምሞ ፈሳሽ ቀንስ የተባለ ካልሆነ በቀር ቀን ላይ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይጠጡ፣ ከምሽት በኋላ ይቀንሱ። ምግብን በተመለከተ፣ ከሕመም የሚያገግም አረጋዊ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ እናትዎ 50 ኪሎ ከሆኑ ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው፤ ኩላሊት ከታመመ ግን ልኩን ሐኪም ይወስን። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ስለሚሰጥ፣ በቀን አንዴ የሚቀመስ ቀጭን ሽሮ የት እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀላለች። ይህን ግን እርስዎም እኔም ብንነግራቸው አይቀበሉንም፤ ንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ ይጥሩላቸውና ከእርሳቸው አንደበት ይስሙት። ያም ሆኖ እጾማለሁ ካሉ ሽሮው ይወፍር፣ የምስርና የአተር ክክ፣ የተቀቀለ ባቄላና ሽምብራ በቀን አራት አምስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይቅረብላቸው።

ከነገርኩዎት ሁሉ አንዱን ለልጅቷ በተለይ ያስጠኗት፦ እናትዎ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ቃል ከተቀያየረባቸው፣ ሰው ከዘነጉ ወይም ያለ ልማዳቸው ካንቀላፉ «ጃጅተው ነው» ተብሎ አይታለፍ። በአረጋዊ ላይ የሳንባም ሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለ ምንም ትኩሳት በዚህ መልኩ ሊገለጥ ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። የወረዳችሁ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ በጤና ጣቢያው በኩል ያስጠሯቸው። የሌሊቱን ማገላበጥም ከወንድምዎ ጋር ይከፋፈሉት፤ እርስዎም መተኛት አለብዎት።

ጥያቄ፦ ካራ አካባቢ የምኖር የ69 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ። ቀኝ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ልጄ ከዘራ ገዝቶልኛል። ጎረቤቴ በሚያምህ እግር በኩል ያዘው ይለኛል፤ በቀኝ ስይዘው ግን ሕመሙ አይቀንስልኝም። ስህተቱ ከምን ላይ ይሆን?

መምህር፣ ከካራ

መልስ፦ መምህር፣ ስህተቱ ከእጁ ላይ ነው። ከዘራ የሚያዘው ከሚታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ እርስዎ በግራዎ ይያዙት። ቀኝ እግርዎን ሲያነሡ ከዘራውን አብረው ወደ ፊት ያስቀድሙ፤ ክብደትዎ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ግራ እጅዎ ስለሚካፈለው ጉልበትዎ ይቀልለዋል።

ቁመቱንም ይመልከቱ። የዘወትር ጫማዎን አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙና እጅዎን ወደ ታች ሲለቁ የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓዎ ጋ መድረስ አለበት፤ ሲይዙትም ክርንዎ ትንሽ ይታጠፋል። ከዚህ ከረዘመ ትከሻዎን ወደ ላይ ይገፋል፣ ካጠረ ወገብዎን ያጎብጣል። የእንጨት ከሆነ በመጋዝ ማሳጠር ይቻላል። ጫፉ ላይ ጎማ ከሌለው ያስገቡለት፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ባዶ እንጨት ይንሸራተታል። ጎማው ሲያልቅም ይቀይሩት፤ በክረምት ጭቃ ደግሞ ቤት ሲገቡ ያጽዱት።

ጉልበትዎን ስላመመዎ ብቻ መሄድ አይተዉ፤ ከጉልበት በላይ ያለው የጭን ጡንቻ ሲደክም መጋጠሚያው ይበልጥ ይሸከማል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀኝ እግርዎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ያውርዱ፤ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ ይድገሙት። ጉልበቱ ካበጠና ከሞቀ ግን ከዚያ በፊት ለሐኪም ያሳዩት። ደረጃ ሲወጡ ደኅነኛው ግራ እግርዎ ይቅደም፣ ቀኙና ከዘራው ይከተሉ፤ ሲወርዱ ግን ከዘራውና ቀኝ እግርዎ አስቀድመው ይውረዱ፣ ግራው ይከተል፤ በሌላው እጅዎ ደግሞ የደረጃውን ብረት ይያዙ።