መልሱ የትኛው መስመር ላይ ነው? የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተናን የተመለከቱ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም የአይልትስን (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የንባብ ክፍል ይመለከታሉ። በተለይ ካልጠቀስን በቀር የምንናገረው ለከፍተኛ ትምህርት ስለሚወሰደው አካዳሚክ ዓይነቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው ፓሴጅ (የንባብ ጽሑፍ) ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ብቻ ይቀረኛል። ቶሎ የማንበብ ልምምድ ልጀምር?

መልስ፦ አስቀድመው ሒሳቡን ይሥሩ። ፈተናው 60 ደቂቃ፣ 3 ፓሴጅ፣ 40 ጥያቄ ነው። የሦስቱ ፓሴጆች ርዝመት ሲደመር ከ2,150 እስከ 2,750 ቃል ይደርሳል። በደቂቃ 180 ቃል የሚያነብ ሰው ፈጣን አንባቢ አይባልም፤ እሱም ቢሆን ረጅሙን ጽሑፍ በ15 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። 45 ደቂቃ ይተርፈዋል ማለት ነው። ሰዓትዎን የሚበላው ንባቡ ሳይሆን ምልልሱ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ያነበቡትን አንቀጽ ለሚቀጥለው ጥያቄ እንደገና ከላይ መጀመር።

ምልልሱን የሚያሳጥረው ጥያቄዎቹን ከመንካትዎ በፊት ለፓሴጁ የሚሰጡት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ርዕሱንና ከሥሩ ያለውን አጭር መግለጫ፣ ከዚያም የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ያንብቡ፤ የቀረውን በዓይንዎ እየቃኙ ስሞችንና ዓመተ ምሕረቶችን ያስምሩ። ከየአንቀጹ ጎን ሁለት ቃል ብቻ ይጻፉ፤ «መንስኤው»፣ «ተቃዋሚዎች»፣ «አዲሱ ዘዴ» ዓይነት። በአማርኛ ቢጽፉትም የሚያይብዎ የለም። በኮምፒዩተር ለሚፈተኑም ማቅለሚያና ማስታወሻ መያዣ አለ።

ቀጥሎ ያለው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አንዳንድ ጥያቄዎች የጽሑፉን ቅደም ተከተል ይከተላሉ፤ ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቭን (እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም) እና ዓረፍተ ነገር ማሟያ ከእነዚህ ናቸው። እነሱን ያስቀድሙ። «ይህ መረጃ የሚገኘው በየትኛው አንቀጽ ነው?» የሚለው ዓይነት ግን ቅደም ተከተል የለውም። ቀድሞ ቢመጣም እንኳ ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ያኔ ጽሑፉን ስለተዋወቁት ፍለጋው ግማሽ ያልቃል።

ሰዓቱን ሃያ ሃያ አድርገው እኩል አይከፋፍሉት። ፓሴጆቹ እየከበዱ ስለሚሄዱ 17፣ 20 እና 23 ደቂቃ ይሻላል። አንድ ጥያቄ ከ90 ሰከንድ በላይ ከያዘዎት ግምትዎን ጽፈው፣ ምልክት አድርገውበት ይለፉ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ባዶ መተው ግን ዕድልን ማባከን ነው። በወረቀት የሚፈተኑ ከሆነ ደግሞ መልሱን በቀጥታ መልስ መስጫው ላይ ይጻፉ፤ በማዳመጡ ክፍል ለመገልበጫ የሚሰጠው 10 ደቂቃ ንባቡ ላይ የለም።

ጥያቄ፦ ፎልስ እና ኖት ጊቭን ይምታቱብኛል። ሁለቱም «ትክክል አይደለም» ማለት አይደሉም?

መልስ፦ አይደሉም። ይህንን ብዙዎች ስለሚስቱት ረዘም አድርገን እንመልሰው። ፎልስ ማለት ጽሑፉ ተቃራኒውን ተናግሯል ማለት ነው። ኖት ጊቭን ማለት ደግሞ ጽሑፉ በዚያች ነጥብ ላይ ዝም ብሏል ማለት ነው። ጠቃሚው መመዘኛ ይህ ነው፦ የጽሑፉ ዓረፍተ ነገርና የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ? አንዱ እውነት ሲሆን ሌላው የግድ ውሸት ከሆነ ፎልስ ነው። ሳይጣሉ አብረው መኖር ከቻሉና ጽሑፉም ካላረጋገጠው ኖት ጊቭን ነው።

ምሳሌውን በአማርኛ እንሥራው፤ ነገሩ የቋንቋ ሳይሆን የአመክንዮ ነውና። ጽሑፉ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ንቦች አበባን የሚለዩት በቀለምና በመዓዛ ነው። ቀይ ቀለምን ግን ማየት አይችሉም።»

«ንቦች አበባን ለመለየት ከአንድ በላይ ምልክት ይጠቀማሉ» ቢባል ትሩ ነው። «ከአንድ በላይ» የሚል ቃል ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ቀለምና መዓዛ ግን ሁለት ናቸው። «ንቦች ሁሉንም ቀለም ማየት ይችላሉ» ፎልስ ነው፤ የሚያፈርሰው ሐረግ ላይ ጣትዎን ማሳረፍ ይችላሉ። «ንቦች ከቀለም ይልቅ በመዓዛ ይመራሉ» ኖት ጊቭን ነው። ሁለቱም ነገሮች ተጠቅሰዋል፣ ንጽጽሩ ግን የለም። ፈታኞች ይህችን ወጥመድ ይወዷታል፤ የሚያውቋቸውን ቃላት ሁሉ ስለሚያገኙ መልሱም ያለ ይመስልዎታል።

አራተኛው ይብሳል፦ «ንቦች ቀይ አበባ ላይ አያርፉም።» ቀይ ካላዩ እንዴት ያርፋሉ ብለው ትሩ ይላሉ። ጽሑፉ ግን ስለ ማረፍ ያለው ነገር የለም። በመዓዛው ተመርተው ሊያርፉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ኖት ጊቭን ነው። እዚህ ጋ የተሳሳተው ንባብዎ አይደለም፤ ከንባቡ ቀጥሎ ያደረጉት አንድ እርምጃ ነው። የራስዎ እውቀት ከፈተናው ክፍል ውጭ ይቆይ። ስለ ጉዳዩ ብዙ የሚያውቅ ሰው አንዳንዴ ከማያውቀው የባሰ የሚወድቀው በዚህ ነው።

በጥያቄው ውስጥ «ሁሉም»፣ «ብቻ»፣ «አብዛኞቹ»፣ «የመጀመሪያው»፣ «ይችላል» የሚሉ ቃላትን የሚተኩ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲያዩ ያክብቧቸው። ኦንሊ፣ ሞስት፣ ፈርስት እና ሜይ የምትባለው ትንሽ ቃል ብዙ ጊዜ መልሱን የሚገለብጡት እነሱ ናቸው። ፍለጋውን መቼ ማቆም እንዳለብዎ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይነግርዎታል። የ4ኛውና የ6ኛው መልስ የሚገኝበትን ቦታ ካወቁ፣ የ5ኛው በሁለቱ መካከል ነው። መካከሉን ሁለት ጊዜ አንብበው ካጡት ኖት ጊቭን ብለው ይቀጥሉ።

የስ፣ ኖ፣ ኖት ጊቭን የሚለው ዝርያ የሚጠይቀው የጸሐፊውን አቋም ነው። አንቀጹ ውስጥ አንድ ተመራማሪ የተናገረው ሁሉ የጸሐፊው ሐሳብ አይደለም። ማን እንደተናገረው ሳያረጋግጡ አይመልሱ።

ጥያቄ፦ ቃላቱን በሙሉ አውቃቸዋለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አይገባኝም። ምን ይባላል ይሄ?

መልስ፦ የአቀማመጥ ችግር ይባላል፤ አማርኛ አፋቸውን ለፈቱ ሰዎች ደግሞ የሚጠበቅ ነው። በእኛ ቋንቋ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። «በጎርፍ የፈረሰው፣ ሁለት ጊዜ የተጠገነው ድልድይ ተዘጋ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን «ድልድዩ፣ በጎርፍ የፈረሰው፣ ሁለት ጊዜ የተጠገነው፣ ተዘጋ» ብሎ ያስቀምጠዋል። በባለቤቱና በግሡ መካከል አሥራ አምስት ቃል ሲገባ ባለቤቱ ይረሳል። መድኃኒቱ በሁለት ኮማ መካከል ያለውን፣ ወይም ከዊች እና ከዛት በኋላ ያለውን ሐረግ በጣት ሸፍኖ ዋናውን ግሥ መፈለግ ነው። «ማን ምን አደረገ» የሚለው ከተገኘ በኋላ የተሸፈነውን ይመልሱ። በቀን አምስት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን እንዲህ መበለት አንድ ሙሉ ፈተና ከመሥራት ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነን።

ሌላው የተደበቀ አሉታ ነው። በአማርኛ አሉታው ግሡ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ በእንግሊዝኛ ግን ኖት የሚለው ቃል ሳይኖር ሊመጣ ይችላል። ሃርድሊ፣ አንለስ፣ ፌይልድ ቱ፣ ፋር ፍሮም የመሳሰሉትን ለይተው ይያዙ። አንዱን ብቻ ዘለው ካነበቡ ትርጉሙ ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ከአንድ መዝገበ ቃላት ሦስት ሺህ ቃል ሸምድጃለሁ፣ ውጤቴ ግን ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ ብቻውን የተሸመደደ ቃል በፈተናው ቀን ልብስ ቀይሮ ይመጣል። ጥያቄው ጽሑፉን በሌላ ቃል ደግሞ የሚጠይቅ ስለሆነ የሚጠቅመው ጥንድ ነው። የሠሩትን ፈተና እንደገና ይክፈቱ፣ ደብተርዎን ለሁለት ይክፈሉ፤ በግራ ጥያቄው የተጠቀመበትን ሐረግ፣ በቀኝ ፓሴጁ ያለውን ይጻፉ። ከአንድ ፈተና ሃያ ጥንድ ማግኘት ከባድ አይደለም።

የቃል ዝርዝር ካስፈለገዎት በኒውዚላንድ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ዌሊንግተን ተመራማሪ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃልና ከእሱ የሚረቡ ቅርጾች) ይዟል፤ ከአካዳሚክ ጽሑፍ ቃላት 10 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ከ3 ሺህ ቃል 570 ይቀላል። ከዚያ ውጭ ያለውን እንግዳ ቃል ከዐውዱ መገመት ይልመዱ፤ ፓሴጆቹ ውስጥ ያለ ልዩ የሙያ ቃል ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገቡ ይፈታል፣ አለዚያም ለመልሱ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከ40ው 26 አገኛለሁ። ባንድ (የአይልትስ የውጤት ደረጃ) 7 እፈልጋለሁ። ስንት ይቀረኛል? በሳምንት ስንት ፈተና ልሥራ?

መልስ፦ በአካዳሚኩ 23 ትክክል ወደ 6፣ 30 ወደ 7፣ 35 ወደ 8 ገደማ ያስገኛል፤ ከፈተና ወደ ፈተና በጥቂቱ ይለዋወጣል። አራት አካባቢ ይቀርዎታል ማለት ነው። ጄኔራል ትሬኒንግ የተባለውን ሌላውን የአይልትስ ዓይነት የሚወስዱ ከሆነ ግን ጽሑፎቹ ቀለል ስለሚሉ ለ7 34 ገደማ ያስፈልጋል፤ ያኔ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል።

በሳምንት ሁለት ይበቃል፣ አሠራሩ ግን እንዲህ ይሁን። በሰዓት ይሥሩ፣ 60 ደቂቃው ሲሞላ ያቁሙ። መልስ ሳያዩ በሌላ ቀለም ብዕር ያለ ሰዓት ገደብ እንደገና ይሂዱበት፤ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ያገኙበትን መስመር ይጻፉ። መስመር ያላገኙለት መልስ ግምት ነው፣ ትክክል ቢሆንም። ከዚያ በኋላ ያርሙ። በመጀመሪያው 26፣ በሁለተኛው 34 ካገኙ ችግርዎ ሰዓት ነው። 26 እና 27 ከሆነ ግን ሰዓቱን አይክሰሱ፤ መረዳቱ ላይ ነው ሥራው፣ ከላይ ያልነውን ዓረፍተ ነገር መበለት ይጀምሩ።

የተሳሳቱትን ደግሞ ለምን እንደተሳሳቱ ይመድቡ፤ ቦታውን አላገኘሁም፣ አግኝቼ ተሳስቼ ተረዳሁ፣ መመሪያ ሳትኩ፣ ሰዓት አለቀ። ከሦስት ፈተና በኋላ አንዱ ምድብ ከሌሎቹ በልጦ ይታይዎታል። በየቀኑ ፈተና እየሠሩ ውጤት ብቻ መቁጠር ሚዛን ላይ እየወጡ እየወረዱ ለመክሳት እንደመሞከር ነው።

ጥያቄ፦ ሄዲንግ ማዛመድ (ለየአንቀጹ ርዕስ መምረጥ) ላይ ሁለት ርዕስ ለአንድ አንቀጽ ይሆንብኛል።

መልስ፦ አንዱ ዝርዝር ነው፣ ሌላው ዋና ሐሳብ። ርዕሶቹ ከአንቀጾቹ ቁጥር ስለሚበልጡ ትርፎቹ የሚሠሩት ከአንቀጹ ላይ አንድ ጎላ ያለ ቃል ወስደው ነው። ርዕሱ ከአንቀጹ ጋር አንድ ዓይነት ቃል ካለው ደስ ከመሰኘት ይልቅ ይጠርጥሩ። ዝርዝሩን ሳያዩ አንቀጹን በአንድ አጭር ሐረግ ይጥሩት፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ይሂዱ። አሁንም ሁለቱ ካልተለዩ ሁለቱንም ጽፈው ይለፉ፤ አንዱ ለሌላ አንቀጽ ሲያስፈልግ ራሱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ መልሱን አውቄው ነጥብ ያጣሁባቸው አሉ። የፊደል ስህተት ያስቀጣል?

መልስ፦ አዎ። ቃሉ ፊት ለፊትዎ ስለተጻፈ በፊደሉ ይገልብጡት፤ ነጠላውን ብዙ፣ ብዙውን ነጠላ አያድርጉ። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ከተባለ ሦስት ቃል መጻፍ መልሱን ይጥላል፣ ሦስተኛዋ ዘ ብትሆንም። በጭረት የተያያዘ ቃል እንደ አንድ ይቆጠራል። የእንግሊዝም የአሜሪካም አጻጻፍ ተቀባይነት አለው። ማጠቃለያ በሚያስሟላው ጥያቄ ከሥሩ የቃላት ሳጥን ካለ የሚጻፈው የቃሉ መለያ ፊደል እንጂ ቃሉ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቶፍል (ሌላውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ልወስድ ነው፤ ያለኝ የ2023 መጽሐፍ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ ለችሎታው ይበቃል፣ ለቅርጹ አይበቃም። ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የንባብ ክፍሉ 2 ፓሴጅ፣ 20 ጥያቄ፣ 35 ደቂቃ ነበር። ከጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ተለውጧል፤ ፊደላቸው የጎደለ ቃላትን ማሟላት፣ እንደ ማስታወቂያና ኢሜይል ያሉ የዕለት ተዕለት ጽሑፎች፣ እንዲሁም አጠር ያለ አካዳሚክ ጽሑፍ ይመጣሉ፤ የሁለተኛው ዙር ክብደትም በመጀመሪያው ዙር ውጤትዎ ይወሰናል። የመጽሐፉን ረጃጅም ፓሴጆች ለዓረፍተ ነገር ልምምድ ያውሏቸው፣ የሰዓት ልምምዱን ግን ከአዲሱ ናሙና ፈተና ላይ ይሥሩ።