ኮድ ሳይችሉ በጌም ድምፅ ሥራ መሰማራት

ኮድ መጻፍ አልችልም፣ ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ግን እወዳለሁ፤ ጌም ውስጥ ቦታ አለኝ ወይ ብለሃል። በሚገባ አለህ! የጌም ሠዓሊዎችና የጌሙን ታሪክ የሚጽፉትም አብዛኞቹ ኮድ አይነኩም። ድምፁ ጌሙ ውስጥ መቼና እንዴት እንደሚሰማ የሚደራጀው እንደ ኤፍሞድ (FMOD) እና ዋይዝ (Wwise) ባሉ ሶፍትዌሮች ነው፤ ሁለቱም ለመማሪያ በነፃ ይገኛሉ።

ከፊልም የሚለየውን ግን ቀድመህ ያዝ። ጌም ላይ አንድ ድምፅ እልፍ ጊዜ ይደጋገማል። የእግር ኮቴው አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ጆሮ ወዲያው ይሰለቸዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወለል፣ ለእንጨቱም ለጠጠሩም፣ ከ5 እስከ 8 የሚለያዩ ቅጂዎች አዘጋጅ፤ ሶፍትዌሩ እያፈራረቀ፣ ፒቹንም (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) በጥቂቱ እየለዋወጠ ያጫውተው። ቀረጻው በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በዌቭ (WAV) ፋይል ይሁን። ከአንድ ነጥብ የሚመጣ ድምፅ ከሆነ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አድርገው፤ በስቴሪዮ (በግራና ቀኝ ሁለት ቻናል) አቅጣጫው ይደበዝዛል። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለውን ዝምታም ቁረጠው። 100 ሚሊሰከንድ እንኳ ከቀረ ተኩሱ ከምስሉ ዘግይቶ ይሰማል፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለሥራ ማሳያ ከ1 ደቂቃ ያልበለጠ የጌም ቪዲዮ ወስደህ ድምፁን በሙሉ አጥፋና ከባዶ ሥራው። ከዚያም በላይ የሚጠቅምህ ኤፍሞድ ላይ ያደራጀኸውን ፕሮጀክት ስክሪኑን ቀርጸህ እያብራራህ ማሳየት ነው፤ ቀጣሪ ድምፁን ጌሙ ውስጥ ማስገባት መቻልህንም ማየት ይፈልጋል። የቡድን ልምድ ከፈለግህ ኢች ዶት አይኦ (itch.io) በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚካሄዱ ጌም ጃሞችን፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ጌም የሚሠራባቸውን ዝግጅቶች፣ ተከታተል፤ የድምፅ ሰው የጎደላቸው ቡድኖች እዚያ አይጠፉም።